ስለ ሊኑክስ ሥርጭቶች ታሪክና ለጀማሪ የሚስማማውን ስለ መምረጥ



የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በዓይን ስለሚታየው ዕቃ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፥ ፍጥነቱ ደኅና ነው፥ ዋጋው ይህን ያህል ነው ይባላል። ነገር ግን ዕቃውን ሁሉ የሚያዝዘው፥ ፋይሉን በየስፍራው የሚያኖረው፥ ፕሪንተሩን የሚያናግረውና ለፕሮግራሞች ሁሉ ሥራቸውን የሚያከፋፍለው በውስጡ ያለው ሥርዓተ ክወና፥ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ከሚገኙት ኮምፒዩተሮች በብዙዎቹ ላይ የምናየው የማይክሮሶፍት ኩባንያ የሠራው ዊንዶውስ ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን ሊኑክስ ስለሚባለው ሌላ ሥርዓት፥ ይልቁንም ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ለጀማሪ የሚስማማውን ለመምረጥ ታሪኩ ምን እንደሚያስተምረን ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ እንዲያው ለማወቅ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ይቀራል ማለት ነው። እርግጥ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ድጋፍ በምዝገባ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ነገር ግን ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የተለየ የደኅንነት መሣሪያና በዝርዝር የተወሰኑ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፥ ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመሥራት ምንም ያላነሳቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ከዝርዝሩ ውጭ ሆነዋል። የነዚህ ኮምፒዩተሮች ባለቤት በፊቱ ሦስት መንገዶች አሉት፤ አዲስ ዕቃ መግዛት፥ ጥበቃ በሌለው ሥርዓት ላይ ሰነዱን ለአደጋ አጋልጦ መቀመጥ፥ ወይም ዕቃውን እንዳለ ይዞ ሥርዓቱን መለወጥ ነው።

ሦስተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው «ሊኑክስ ልጫን» ብሎ ሲነሣ ወዲያው አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። ሊኑክስ አንድ ዕቃ ሆኖ አይገኝም። ኡቡንቱ፥ ሚንት፥ ዴብያን፥ ፌዶራ እየተባለ በመቶ የሚቆጠር ስም ይደረደርለታል፤ አንዱ ያንን ሲያመሰግን ሌላው ይህን ያወድሳል። በዚህም ግራ ተጋብቶ ሐሳቡን የሚተው ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ? ልዩነቱስ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ታሪኩ ስለሆነ ወደ መነሻው እንመለስ።

በ1969 በአሜሪካ አገር ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ጀመሩ። ዩኒክስ በአሠራሩ የተመሰገነ ስለነበረ በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ ስለነበረ፥ ፈቃዱ እየጠበቀ ሲሄድ ምንጭ ኮዱን፥ ማለት ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጻፈበትን ጽሑፍ፥ እንደ ልብ ማየትና ማሻሻል አስቸጋሪ ሆነ። ይህን ዓይነቱን እገዳ ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ስቶልማን በሴፕቴምበር 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ። ዓላማውም ማንም ሰው ሊጠቀምበት፥ ሊመረምረው፥ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ዩኒክስን የሚመስል ነጻ ሥርዓት መሥራት ነበር። በ1989 ያወጣው የፈቃድ ውል አንድ ብልህ ግዴታ ነበረበት፤ ይኸውም ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው እርሱ ያገኘውን መብት ለተቀባዩም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነው።

እስከ 1991 ድረስ የግኑ ሰዎች ብዙ መሣሪያዎችን ሠርተው ነበር። የጎደላቸው ከዕቃው ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው አስኳሉ ነው። ይህን ጉድለት የሞላው በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የ21 ዓመት ወጣት ነው። ስሙ ሊኑስ ቶርቫልድስ ይባላል። ቶርቫልድስ በኦገስት 25 ቀን 1991 ሚኒክስ በተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት ተጠቃሚዎች መካከል ባሰራጨው አጭር ማስታወቂያ፥ አንድ ሥርዓተ ክወና ለመዝናኛው ያህል እየሠራ መሆኑንና እንደ ግኑ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ገለጸ። ራሱ ሊሰጠው ያሰበው ስም ፍሪክስ የሚል ነበር፤ ፋይሎቹን ያስቀመጠለት አሪ ሌምኬ ግን ክፍሉን ሊኑክስ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በ1992 ቶርቫልድስ ሥራውን በስቶልማን የፈቃድ ውል ሥር አደረገው። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ የተነሡ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያለ ቀጣሪና ያለ ድንበር እያሻሻሉት አደገ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዚህ ሥራ በእውነት ይስማማዋል።

እዚህ ላይ ግን ለርዕሳችን ዋና የሆነው ነጥብ ይነሣል። አስኳሉ ብቻውን ለተራ ሰው ምንም አይጠቅምም። ጤፍ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ወፍጮ፥ እርሾ፥ ምጣድና የመጋገሩን ሙያ የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል። እንደዚሁም አስኳሉ የግኑ መሣሪያዎች፥ የስክሪን ሥዕላዊ ገጽ፥ የጽሑፍ ፕሮግራም፥ የመጫኛ ዘዴና እነዚህን ሁሉ እያስማማ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ሰብስቦ የተሰናዳው ነገር በእንግሊዝኛ ዲስትሪቢዩሽን ይባላል፤ በዚህ ንግግር ሥርጭት እንለዋለን። ጤፉ አንድ ሆኖ ጋጋሪው የተለያየ እንደሆነ ሁሉ፥ አስኳሉ አንድ ሆኖ አሰናጆቹ ብዙ ናቸው። የስሙ መብዛት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሥርጭቶች በ1992 ብቅ አሉ። ከነዚህም አንዱ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የኮምፒዩተር ማእከል የተሰናዳው ነው፤ ሌላው ኤስ ኤል ኤስ የተባለው የፒተር ማክዶናልድ ሥራ ነበር። ኤስ ኤል ኤስ ብዙ ጉድለት ስለነበረበት ሁለት ወጣቶችን ለሥራ አነሣሣ። በጁላይ 1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ እርሱን አርሞ ስላክዌር የተባለውን አወጣ። በኦገስት 16 ቀን 1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ የተባለ ተማሪ ዴብያን የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ። ዴብያን የሚለው ስም የተሠራው ዴብራ ከተባለችው፥ በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ወዳጁ ስምና ከራሱ ስም ነው። ሁለቱም ሥርጭቶች እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራሉ።

የዚያን ዘመን ጀማሪ ምን ይገጥመው እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። ስላክዌርን ለመጫን የሚነሣ ሰው ከ20 የሚበልጡ ፍሎፒ ዲስኮችን አንድ ባንድ ማዘጋጀት ነበረበት፤ ከነዚህ አንዷ ከተበላሸች ሥራው ከመካከል ይቋረጥበታል። ሃርድ ዲስኩን በገዛ እጁ መከፋፈል ነበረበት፤ በዚህ ጊዜ ቁጥር የተሳሳተ ሰው የቆየ ጽሑፉን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ሥዕላዊውን ገጽ ለማግኘት ደግሞ የስክሪኑን የፍሪክዌንሲ ልክ ከመመሪያ መጽሐፉ ፈልጎ በአንድ ፋይል ውስጥ መጻፍ ነበረበት፤ የተሳሳተ ቁጥር አንዳንዱን የቀድሞ ስክሪን እስከ ማበላሸት ሊደርስ ይችል ስለነበረ መመሪያዎቹ በጥብቅ ያስጠነቅቁ ነበር። በአጭሩ ሸክሙ ሁሉ የወደቀው በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የሥርጭቶች ታሪክ ይህ ሸክም ጥቂት በጥቂት ከተጠቃሚው ትከሻ ወደ አሰናጁ ትከሻ የተላለፈበት ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያው እፎይታ የመጣው ፕሮግራምን በመጫን ረገድ ነው። አንድ የሊኑክስ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሌሎች አጋዥ ፕሮግራሞችን ይፈልጋል። ነገሩ አባሪዎቹ ካልተሟሉ በመዝገብ ቤት ተቀባይነት እንደማያገኝ ደብዳቤ ነው፤ አባሪውም ራሱ ሌላ አባሪ ሊኖረው ይችላል። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ እየፈለገ ማሟላት ነበረበት። በ1994 የተጀመረው ሬድ ሃትና ዴብያን ለዚህ ሥርዓት ያለው የጥቅል አያያዝ ዘዴ አበጁ። ከዚያም ዴብያን በ1999 ባወጣው እትም አፕት የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። ተጠቃሚው የፕሮግራሙን ስም ሲነግረው አፕት አባሪዎቹን ሁሉ ከማከማቻው ራሱ ፈልጎ ያመጣለታል። በዛሬው የእጅ ስልክ ላይ ፕሮግራምን ከአንድ ማከማቻ የመጫን ልማድ ለብዙዎች አዲስ መስሎ ቢታይም፥ የሊኑክስ ሰዎች በብዙ ዓመት ቀድመው ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው እፎይታ የስክሪኑ ገጽ ነው። በ1996 በጀርመን አገር ማቲያስ ኤትሪሽ ኬ ዲ ኢ የተባለውን፥ በ1997 ደግሞ በሜክሲኮ አገር ሚጌል ዴ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና ግኖም የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የሁለቱም ዓላማ ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት ለማያውቅ ሰው መስኮትና ሥዕል ያለው፥ በማውስ የሚታዘዝ ገጽ ማቅረብ ነበር። በ1998 ፈረንሳዊው ጋኤል ዱቫል የሬድ ሃትን ሥርጭት ወስዶ ኬ ዲ ኢን ጨመረበትና ማንድሬክ ብሎ አወጣው። ማንድሬክ ለጀማሪ እንዲቀል ሆነው ከተሰናዱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ነጻ ፈቃድ ያስገኘውን ጥቅም እዚህ ላይ በግልጽ እናያለን፤ ዱቫል ሁሉን ነገር ከመሠረቱ መሥራት ሳያስፈልገው፥ ሌላው የሠራውን ተቀብሎ የጎደለውን ብቻ ሞላ።

ሦስተኛው እፎይታ ሳይጭኑ መሞከር መቻሉ ነው። በ2000 ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ክኖፒክስን አወጣ። ክኖፒክስ ከሲዲ ላይ የሚነሣ፥ የኮምፒዩተሩን ዕቃዎች በራሱ የሚለይና በሃርድ ዲስኩ ላይ አንዳች ሳይነካ የሚሠራ ሥርጭት ነው። ሲዲው ወጥቶ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ የቀድሞው ዊንዶውስ እንደነበረ ይገኛል። ከሲዲ የሚነሡ ሥርዓቶች ከርሱ በፊት ቢኖሩም፥ አሠራሩን በሰፊው ያስለመደው ክኖፒክስ ነው። በዚህም ምክንያት ሊኑክስን ለማየት ዕቃንና ሰነድን አደጋ ላይ መጣል ግድ መሆኑ ቀረ።

እነዚህን እፎይታዎች በአንድነት ያገኘው ሥርጭት ከአፍሪካ ሰው እጅ የወጣ ነው። ማርክ ሻትልወርዝ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ ነጋዴ ሲሆን፥ በተማሪነቱ ዘመን ያቋቋመውን ኩባንያ በ1999 ሸጦ ባለጸጋ ሆነ፤ በኤፕሪል 2002 በሩሲያ ሶዩዝ መንኰራኵር ወደ ጠፈር በመውጣት ከአፍሪካ አገሮች ዜጎች የመጀመሪያው ሆነ። ከተመለሰም በኋላ የዴብያንን ሥራ መሠረት አድርጎ አዲስ ሥርጭት የሚያሰናዱ ሰዎችን ሰበሰበ። በኦክቶበር 20 ቀን 2004 የመጀመሪያው እትም ኡቡንቱ በሚል ስም ወጣ። ቃሉ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሆኖ ለሌላው ሰው ማሰብን፥ ሰብአዊነትን ያመለክታል።

ኡቡንቱ ለጀማሪ የተወደደበት ምክንያት አስኳሉ የተለየ ስለሆነ አይደለም። ዴብያን በጁላይ 2002 ካወጣው እትም በኋላ ቀጣዩን እስኪያወጣ ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶበት ነበር፤ ኡቡንቱ ግን በየ6 ወሩ አዲስ እትም እንደሚያወጣ ቃል ገብቶ ቃሉን ጠበቀ። ሥርዓቱ ሁሉ በአንድ ሲዲ ላይ ተጠቃለለ፤ ለእያንዳንዱም ሥራ አንድ ፕሮግራም ብቻ ተመርጦ ስለተቀመጠ ጀማሪው በምርጫ ብዛት አይጨነቅም ነበር። ከዚህም በላይ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በዓለም ዙሪያ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር፤ ይህ አገልግሎት በ2011 እስኪቆም ድረስ የበይነ መረብ መስመር ደካማ በሆነባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በጁን 2006 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው፥ ኤል ቲ ኤስ የሚባለው እትም ተጀመረ። መጀመሪያ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ድጋፍ ለ3 ዓመት ነበር፤ ከ2012 ጀምሮ 5 ዓመት ሆነ። ለምሳሌ በኤፕሪል 2024 የወጣው 24.04 የተባለው እትም መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 ይዘልቃል።

በዚያው በ2006 ፈረንሳዊው ክሌመንት ለፌቭር በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ ሊኑክስ ሚንትን አወጣ። በ2011 ግኖምና ኡቡንቱ የስክሪናቸውን ገጽ በአዲስ መልክ ሲለውጡ ብዙ ተጠቃሚዎች ቅር ተሰኙ፤ የለመዱት የፕሮግራም ዝርዝርና ከታች የሚገኘው መሥመር ጠፋባቸው። ሚንት ግን ሲናሞን የተባለውን የራሱን ገጽ አበጅቶ የቀድሞውን ልማድ ጠበቀ። በስክሪኑ ታችኛ ጥግ የሚከፈተው ዝርዝር፥ የሰዓቱና የፋይሎቹ አቀማመጥ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በ2024 የወጣው የሚንት 22 እትም እስከ 2029 ድጋፍ ያለው ሲሆን፥ ቢያንስ 2 ጊጋባይት የማስታወሻ አቅምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ጊጋባይትና 100 ጊጋባይት ይመከራል። ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የተባለው ቀለል ያለው የሚንት ዓይነት አቅሙ ለደከመ ኮምፒዩተር ይስማማል።

በዚህ ጊዜ የቀሩትም እንደየዓላማቸው ቀጠሉ። በ2003 ከሬድ ሃት የወጣው ፌዶራ አዲስ ነገርን ቀድሞ ያመጣል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ እትም ድጋፍ 13 ወር ያህል ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ማደስ ለሚሰለቸው ሰው አይመችም። ዴብያን በጽናቱ የታወቀ ነው፤ ቀድሞ ለጀማሪ ያስቸግር የነበረው ነጻ ፈቃድ የሌላቸውን የገመድ አልባ መስመርና የመሳሰሉትን ዕቃዎች ማንቀሳቀሻ ፋይሎች በመጫኛው ውስጥ ስለማያካትት ነበር። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይህን ስለለወጡ፥ በ2023 ከወጣው 12ኛው እትም ጀምሮ መጫኑ እጅግ ቀሏል።

ከግለሰብ አልፈን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያደረጉትን ብንመለከት ሁለት ምሳሌዎች ይበቁናል። የጀርመኗ ከተማ ሙኒክ ምክር ቤት በ2003 የከተማውን ኮምፒዩተሮች ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወሰነ። ነገሩ ክብደት ስለነበረው የማይክሮሶፍት የሥራ መሪ ስቲቭ ባልመር ዕረፍቱን አቋርጦ ከንቲባውን ለማነጋገር ሄዶ ነበር። ሥራው ሊሙክስ ተብሎ ተሰይሞ፥ በ2013 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ተዛውረው ተፈጸመ። ይሁን እንጂ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በሰነድ መለዋወጥና ለዊንዶውስ ብቻ በተሠሩ ፕሮግራሞች ምክንያት ቅሬታው አልበረደም፤ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ።

የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ2005 ኮምፒዩተሮቹን ሳይለውጥ ኦፕን ኦፊስ የተባለውን ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ አስለመደ። በ2006 የበይነ መረብ መመልከቻውንና የኢሜይሉን ፕሮግራም በነጻዎቹ በፋየርፎክስና በተንደርበርድ ተካ። ሠራተኞቹ ፕሮግራሞቹን ከለመዱ በኋላ ከ2008 ጀምሮ ከሥራቸው ያለውን ሥርዓት ወደ ኡቡንቱ ለወጠ። ለሠራተኛው የዕለት ሥራው ቀድሞ በለመደው ፕሮግራም ስለቀጠለ ለውጡ እንግዳ አልሆነበትም፤ በሊኑክስ የሚሠሩት ኮምፒዩተሮችም በኋለኞቹ ዓመታት ከ70,000 በላይ ሆነዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው መሆኑ ነው። የሙኒክ ዕጣ ሊኑክስ ለመሥሪያ ቤት አይሆንም ለማለት አይበቃም፤ የዣንዳርሜሪውም መሳካት ሁሉም ወዲያው ይለውጥ ለማለት አይበቃም። ሁለቱ በአንድነት የሚያስረዱን ከሥርዓቱ በፊት የዕለት ሥራችን የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች መመርመር እንደሚገባ ነው።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ጀማሪው የትኛውን ይምረጥ? ታሪኩ የሚሰጠን መልስ አስኳሉን ሳይሆን አሰናጁን መርምር የሚል ነው፤ ምርመራውም በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። አንደኛ፥ አሰናጁ የደኅንነት ማሻሻያ የሚሰጠው ለስንት ዓመት ነው? ሁለተኛ፥ ሳይጫን በፍላሽ ተነሥቶ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ገመድ አልባ መስመሩን፥ ድምፁንና ፕሪንተሩን ያሠራል? ሦስተኛ፥ የስክሪኑ ገጽ ከለመድነው እጅግ ይርቃል? አራተኛ፥ በአቅራቢያችን የሚያውቀውና ሲቸግረን የምንጠይቀው ሰው አለ? በነዚህ ሚዛን ሲመዘን ከዊንዶውስ ለሚመጣ ጀማሪ ሊኑክስ ሚንት ከሲናሞን ገጽ ጋር በመጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ነው፤ የኡቡንቱ ኤል ቲ ኤስ እትም ይከተለዋል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን ወይም በሰፈራችን ዴብያንን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ካለ ዴብያንን መምረጥ ማስተዋል ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ስለተካተተ፥ በሊኑክስ አማርኛን መጻፍና ማንበብ ዛሬ ችግር አይደለም። የአማርኛ የቁልፍ አቀማመጥ በሥርጭቶቹ ውስጥ ይገኛል፤ አይባስ በተባለው የጽሕፈት መሣሪያ በኩልም በላቲን ፊደል ድምፁን ሲመቱት ወደ ግዕዝ ፊደል የሚለውጥ ዘዴ አለ። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች በነጻ ይገኛሉ፤ የዴብያን ሥዕላዊ መጫኛም በአማርኛ ሊነበብ ይችላል። ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች በተጻፉት አሮጌ ሰነዶች ላይ ነው። እነዚህ የአማርኛውን ፊደል ያኖሩት በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ስለሆነ፥ የራሳቸው የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ የቆየ መዝገብ ያለው ሰው ሥርዓቱን ከመለወጡ አስቀድሞ፥ ገና በዊንዶውስ ላይ ሳለ፥ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ቢያዛውር ወይም በፒ ዲ ኤፍ ቢያስቀምጥ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

በመጨረሻም ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ ሊብሬ ኦፊስን፥ በ2010 ከኦፕን ኦፊስ የተገነጠለውን የጽሕፈት ፕሮግራም፥ በዊንዶውሱ ላይ ጭኖ ለጥቂት ሳምንታት ዕለታዊ ሥራን በእርሱ መሥራት ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ ሰነዱን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ፥ ቅጂው መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። በሦስተኛ ደረጃ የተመረጠውን ሥርጭት ከአሰናጁ ከራሱ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭኑ መሞከር ነው። ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሲገኝ ብቻ መጫኑ ይከተላል። በአንጻሩ ለሥራው ግድ የሆነው የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፥ ያን ኮምፒዩተር እንዳለ መተውና ሊኑክስን በሌላ ላይ መልመድ ይሻላል። የመሥሪያ ቤትም ኮምፒዩተር ከሆነ ጉዳዩ በኃላፊውና በባለሙያው ፈቃድ እንጂ በግል ውሳኔ የሚፈጸም አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በ1993 በፍሎፒ ዲስክ ክምር መካከል ተቀምጦ የስክሪኑን ፍሪክዌንሲ ይፈልግ የነበረው ሰው የተሸከመውን ሸክም ዛሬ ሌሎች ተሸክመውልናል። ለኛ የቀረልን ሸክሙን በታማኝነትና ለረጅም ዘመን የሚሸከምልንን አሰናጅ ለይቶ ማወቅ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለው የሚችለውን ዕቃ ከመጣል፥ ሰነዱንም ያለ ጥበቃ ከመተው ይድናል።